የሙታን ዐፅም ምስክርነት፤ ከአክሱምና ከሮም መቃብሮች እስከ ሐርላ

ባለፈው በጋ በጅጅጋ ከተማ ከአንድ ቤተ ክርስቲያን ዐጸድ ውስጥ ለቀብር ቆመን ሳለ፣ መቃብር የሚቆፍሩት ጐልማሶች የጕድጓዱ ጥልቀት እስከ ወገባቸው በደረሰ ጊዜ ቀድሞ የተቀበረ የማይታወቅ ሰው ዐፅም አገኙ። ከመካከላቸው አንዱ በችኰላ ከአፈሩ ጋራ ወደ ውጭ ሊጥለው ሲል አንድ ሽማግሌ እጁን ይዘው «ልጄ፣ ይህም እንደ አንተ የእናት ልጅ ነበር» አሉት፤ ነጠላቸውንም ዘርግተው አጥንቱን አንድ በአንድ ለቀሙት። እኔም ቀረብ ብዬ ባይ የመንጋጋው ጥርሶች ሳይረግፉ ተሰድረው ነበር፤ ነገር ግን በፊተኞቹ ጥርሶች ላይ በቀጭን ክር የተሰመረ የሚመስል አግዳሚ ሰረዝ ይታይባቸው ነበር። ከቀብሩ በኋላ ይህን ነገር ለአንድ ሐኪም ወዳጄ ባጫውተው «የኔታ፣ ያ ሰው በልጅነቱ፣ ጥርሱ ገና ከድዱ ውስጥ ሲሠራ ሳለ፣ ወይ በጽኑ ተርቦ ወይ በጽኑ ታምሞ ነበር። ረኃብና ንዳድ የጥርስን ሥራ ለጊዜው ያስቆሙታል፤ ያ የቆመበት ስፍራ በጥርሱ ላይ ሰረዝ ሆኖ ይቀራል፤ እስከ ሞትም አይጠፋም» ሲል መለሰልኝ።

ይህ ነገር ብዙ ቀን ከአሳቤ አልወጣም። የሰውዬውን ስም የሚያውቅ የለም፤ አባቱንም፣ አገሩንም፣ ሥራውንም የሚነግረን አልተገኘም። የልጅነት ረኃቡን ግን ራሱ፣ ከሞተ በኋላ፣ በጥርሱ ነገረን። ስለዚህ የጥንት ሰዎች ሙታናቸውን እንዴት እንደ ቀበሩና ዛሬ ሊቃውንት ከዐፅማቸው ምን እንዳነበቡ ያገኘሁትን ሰብስቤ ለአንባብያን ለማቅረብ አሰብሁ። ዓመታቱን ሁሉ፣ ለብቻው ካላመለከትሁ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ጽፌያለሁ።

አስቀድመን ወደ ሮም እንመልከት። የሮም ሰዎች ዐሥራ ሁለቱ ሰሌዳዎች በሚባለው በጥንታዊ ሕጋቸው ሬሳ በከተማ ቅጥር ውስጥ እንዳይቀበርም እንዳይቃጠልም ከልክለው ነበር። ስለዚህ መቃብሮቻቸው ከከተማ በር ውጭ በአውራ መንገዶች ግራና ቀኝ የተሠሩ ናቸው። ብዙ ዘመንም ሬሳን አቃጥሎ ዐመዱን በማሰሮ ማኖር ልማዳቸው ነበር። ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ2ኛውና በ3ኛው ምእት ዓመት ግን ይህ ልማድ እየቀረ ሄዶ ሥጋን በመሬት መቅበር በመንግሥታቸው ሁሉ ተስፋፋ። ክርስቲያኖችም ትንሣኤ ሙታንን ተስፋ ስለሚያደርጉ ሙታናቸውን በምድር ውስጥ በተፈለፈሉ ዋሻዎች ይቀብሩ ነበር። በኋላም ከሰማዕታት ዐፅም አጠገብ መቀበር እንደ ትልቅ በረከት ስለ ተቈጠረ፣ መቃብር ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ቤተ ክርስቲያንም ወደ ከተማ ገባ። ሙታንን በከተማ ውስጥ፣ በሕያዋን መካከል ማሳረፍ እንዲህ ተጀመረ፤ ዛሬ በቤተ ክርስቲያን ዐጸድ የምንቀብረውም የዚህ ልማድ ወራሾች ስለ ሆንን ነው።

በዚያው ዘመን በአገራችን የአክሱም መንግሥት በኀይሉ ጽንዐት ላይ ነበረ። ዓለም የሚያደንቃቸው የአክሱም ሐውልቶችም ሌላ ነገር አይደሉም፤ የመቃብር ምልክቶች ናቸው። ከሁሉ የሚበልጠው፣ ዛሬ ወድቆና ተሰብሮ የሚታየው፣ ርዝመቱ 33 ሜትር ያህል ሲሆን ክብደቱ ከ500 ቶን በላይ ይገመታል። ሁለተኛው በ1937 ኢጣልያኖች ወደ ሮም የወሰዱት፣ በ2005 የተመለሰውና በ2008 በስፍራው የቆመው ነው። ስለዚህ ሮም ለ66 ዓመት ያህል በአደባባይዋ አቁማ የኖረችው የሰው አገር የመቃብር ድንጋይ ነበረ ማለት ነው።

የእነዚህን መቃብሮች ነገር በ1906 የጀርመኑ ሊቅ ኤኖ ሊትማንና ጓደኞቹ መርምረዋል፤ ከዚያም በ1973ና በ1974 ኔቪል ቺቲክ፣ ከ1993 እስከ 1997 ደግሞ ዴቪድ ፊሊፕሰን ቆፍረዋል። ከተገኙት አንዱ የሸክላ ጡብ ቅስቶች ያሉት መቃብር ነው፤ ቅስቶቹ የፈረስ ኮቴ ብረት ይመስላሉ። በውስጡም በወይን ሐረግ አምሳል የተቀረጸ የዝሆን ጥርስ፣ የብርጭቆ ዕቃና የብረት ሥራ ተገኝቷል። ከከተማው በስተምዕራብ ያለው የጕዲት ሐውልቶች ስፍራ የሚባለው ግን ሌላ መልክ አለው። በዚያ የቆሙት ያልተጠረቡ ድንጋዮች ናቸው፤ ከሥራቸውም ተራ የጕድጓድ መቃብሮች፣ በውስጣቸውም ሸክላ፣ የብረት መሣሪያና ጥቂት ብርጭቆ ይገኛል። እንግዲህ በአንድ ከተማ፣ በተቀራረበ ዘመን፣ አንዱ በተራራ የሚያህል ድንጋይ፣ ሌላው እንደ ተገኘ በቆመ ድንጋይ ሥር ያርፍ ነበር።

ንጉሥ ዔዛና በአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ስብከት በ4ኛው ምእት ዓመት ካመነ በኋላ በገንዘቡ ላይ ጨረቃው ቀርቶ መስቀል ታየ፤ ረጃጅም ሐውልቶችን የማቆም ልማድም ጥቂት ቈይቶ ቀረ። በ6ኛው ምእት ዓመት የዐፄ ካሌብና የዐፄ ገብረ መስቀል ናቸው የሚባሉት መቃብሮች ከምድር በታች ተሠርተው ከላያቸው ሕንጻ አላቸው። የነገሥታቱ ክብር ወደ ሰማይ ከሚያመለክተው ድንጋይ ወርዶ በጸሎት ቤት ሥር ዐረፈ ልንል እንችላለን።

አሁን አንባቢ አንድ ነገር ልብ እንዲል እለምናለሁ። እስካሁን የተናገርነው ሁሉ ስለ ድንጋይ፣ ስለ ሸክላና ስለ ዝሆን ጥርስ ነው። እነዚህ የሚነግሩን ሕያዋኑ ስለ ሟቹ እንዲባል የፈለጉትን ነው። ድንጋይ እንደ መወድስ ነው፤ የተቀበረውን ያሞግሳል። ሟቹ ምን በላ? ምን ሸክም ተሸከመ? ስንት ልጅ ቀበረ? ይህን ድንጋይ አይመልስም፤ የሚመልሰው ዐፅም ነው። በአክሱም ግን ከጥንት ጀምሮ ወርቅ ፈላጊ ዘራፊዎች ትልልቆቹን መቃብሮች እየሰበሩ ዕቃውን ወስደው ዐፅሙን በታትነዋል። የተዘረፈውን ወርቅ መልሶ ማግኘት ቢቻል እንኳ የተበተነውን ዐፅም መልሶ ማገጣጠም አይቻልም። ለታሪክ የከፋው ጕዳት የወርቁ መጥፋት ሳይሆን የአጥንቱ መበተን ነው።

ዐፅሙ ሳይበተን የቆየበት ስፍራ ምን እንደሚያተርፍ ለማየት በሮም መንግሥት ዳርቻ ወደ ነበረችው ወደ እንግሊዝ አገር እንሻገር። ዶርቼስተር በምትባል ከተማ አጠገብ በፓውንድበሪ ከ1966 እስከ 1980 በተደረገው ቍፋሮ በተለይ የ4ኛው ምእት ዓመት የሆኑ ከ1000 በላይ መቃብሮች ተገኝተዋል። አብዛኞቹ ራሳቸው ወደ ምዕራብ፣ እግራቸው ወደ ምሥራቅ ሆኖ በረድፍ የተቀበሩ ናቸው፤ የመቃብር ዕቃም እምብዛም የላቸውም። አንዳንዶቹ በእርሳስ በተለበጠ ሣጥን ውስጥ ሆነው በዙሪያቸው ጄሶ ተሞልቶባቸዋል። በዊንቸስተር አጠገብ ባለው በላንክሂልስ መቃብር ደግሞ ሌላ ልማድ ታየ፤ አንዳንዱ ሟች ለመንገዱ ብለው ይመስላል ባለ ሚስማር ጫማ ከእግሩ ሥር ተደርጎለታል፤ ጥቂቶችም ራሳቸው ተቈርጦ በእግራቸው አጠገብ ተቀምጦ ተገኝቷል። ይህ ስለምን እንደ ተደረገ ሊቃውንቱ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ።

ሐኪሞችና የዐፅም መርማሪዎች ከእነዚህ ካነበቧቸው ምልክቶች ዋና ዋናዎቹ እንዲህ ናቸው። የጥርስ ሰረዝ፣ ከላይ እንደ ተናገርነው፣ የልጅነት ረኃብ ወይም ሕመም ምስክር ነው። በዐይን ጕድጓድ ጣሪያ ላይ እንደ ወንፊት የተበሳሳ አጥንት ከታየ ሰውየው ደም አንሶት ነበር ይባላል፤ ምክንያቱም የምግብ እጦት፣ የሆድ ትል ወይም ወባ ሊሆን ይችላል። የጀርባ አጥንት አንጓዎች ሲፋጩና ጠርዛቸው ሲያድግ የሸክምና የዕርጅና ምልክት ነው። የሕፃን እግር አጥንት የጐበጠ እንደ ሆነ ፀሐይ አላገኘም ማለት ነው፤ እናቶቻችን ጨቅላ ልጃቸውን በማለዳ ፀሐይ የሚያሞቁት ያለ ነገር አይደለም። ተሰብሮ የተጠገነ አጥንት ደግሞ መልካም ነገር ይናገራል፤ ጭኑ የተሰበረ ሰው እስኪድን ድረስ ውሃ ያቀረበለትና እንጀራ የቈረሰለት ወገን ነበረው። በፓውንድበሪ ዐፅሞችም ውስጥ ብዙ እርሳስ ተገኝቷል። የሮም ሰዎች ውሃቸውን በእርሳስ ቧንቧ ያወርዱ፣ የወይን ጭማቂንም ለማጣፈጥ በእርሳስ ዕቃ ያፈሉ ነበርና፣ የሥልጣኔያቸው ምቾት ወደ አጥንታቸው ገብቶ መርዝ ሆነባቸው።

ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚነካው በኢጣልያ አገር፣ በኡምብሪያ፣ ሉኛኖ በምትባል መንደር አጠገብ የተገኘው የሕፃናት መቃብር ነው። ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ450 ገደማ በአንድ የፈረሰ የባለጠጋ ቤት ውስጥ 47 ሕፃናት በጥቂት ጊዜ ውስጥ ተቀብረዋል፤ ብዙዎቹ ከመወለጃ ጊዜያቸው አስቀድሞ የተወለዱ ነበሩ። ከእነርሱም ጋራ የቡችላ አጥንትና የቍራ ጥፍር ተገኝቷል። መንግሥቱ ክርስቲያን ከሆነ ከመቶ ዓመት በላይ አልፎ ሳለ፣ መንደርተኞቹ ምክንያቱ በጠፋባቸው ሞት ደንግጠው ወደ አሮጌው አስማት እንደ ተመለሱ ከዚህ ይታወቃል። በ2001 ግን ሦስት ዓመት ከሚሆነው ሕፃን አጥንት የወባ ዘር ምልክት ተገኘ። እንግዲህ እነዚያን ሕፃናት የገደላቸው ጋኔን ሳይሆን የወባ ትንኝ ነበረች ቢባል ያሳምናል። በ2018 ደግሞ በዚያው ስፍራ በአፉ ውስጥ ድንጋይ የተደረገበት የዐሥር ዓመት ያህል ልጅ ተገኘ፤ ሞቱ ተመልሶ ወደ ሕያዋን እንዳይመጣ የፈሩ ይመስላል። ምክንያቱን ያላወቁት ሞት ሰውን በገዛ ልጁ ሬሳ ላይ እንኳ እንዲህ ያስጨክነዋል።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ከዚህ ይልቅ የሚቀርብ ነገር አለ። በ541 በንጉሥ ዩስጢንያኖስ ዘመን ታላቅ መቅሠፍት ተነሥቶ የሮምን መንግሥት አጠፋፋው። የዘመኑ ጸሐፊ ፕሮኮፒዮስ በግብፅ ወደብ በፔሉስዮን እንደ ጀመረ ጽፏል፤ ከእርሱ በኋላ የመጣው ኤዋግሪዮስ ግን ከኢትዮጵያ ተነሣ ተብሎ ይነገራል ሲል ጻፈ። ከዚያ ወዲህ የአገራችን ስም ከዚያ መቅሠፍት ጋራ ተያይዞ ሲጠራ ኖረ። ሆኖም በጀርመን አገር በባቫሪያ፣ አሽሃይም በሚባል ስፍራ ከተገኙት የ6ኛው ምእት ዓመት ዐፅሞች ጥርስ ውስጥ የበሽታው ዘር ተገኝቶ በ2013 እርግጡ ተነገረ። በሽታው ቸነፈር እንደ ነበረ ታወቀ፤ ዘሩም ሲመረመር ወደ መካከለኛው እስያ ተራሮች ዝምድና የሚቀርብ ሆነ። በየትኛው መንገድና በየትኛው መርከብ ወደ ግብፅ እንደ ደረሰ ገና የሚመረመር ነው። ነገር ግን «ይነገራል» የተባለው ወሬ 1400 ዓመት ሙሉ ያልተቈረጠ ሙግት ሆኖ ከኖረ በኋላ፣ አንድ የማይታወቅ የባቫሪያ ገበሬ ጥርስ ለኢትዮጵያ ምስክር ሆኖ ቆመላት።

እዚህ ላይ የቅኔ ቤት ሰዎች የሚወዱት አንድ ምሥጢር አለ። በ1992 ጄምስ ዉድና ጓደኞቹ ለዐፅም መርማሪዎች ከባድ ጥያቄ አቀረቡ። የሕመም ምልክት የሌለበት ዐፅም የጤነኛ ሰው ነው ትላላችሁን? አሉ። በሽታ በአጥንት ላይ ምልክት እስኪያደርግ ጊዜ ይፈልጋል። ደካማው በሽታው በያዘው ሰሞን ይሞታል፤ አጥንቱም ንጹሕ ሆኖ ይቀበራል። ብርቱው ግን ታግሎ ብዙ ዓመት ስለሚኖር ቍስሉ በአጥንቱ ይጻፋል። ስለዚህ በመቃብር ውስጥ ጠባሳ ያለበት የጸናው፣ ጠባሳ የሌለበት የተሸነፈው ሊሆን ይችላል። ይህ ከሰምና ወርቅ በምን ይለያል? ሰሙን ብቻ ያየ «ይህ በሽተኛ ነበር» ይላል፤ ወርቁን የገለጠ ግን «ይህ በሽታን ያሸነፈ ነበር» ይላል። ያ የጅጅጋው ሰው የጥርሱ ሰረዝ መራቡን ይነግረናል፤ ከዚያ ሰረዝ በላይ ጥርሱ ሞልቶ መብቀሉ ደግሞ ከረኃቡ መትረፉን ይነግረናል።

ወደ ራሳችን አገር እንመለስ። እኛ በምንኖርበት በምሥራቁ ክፍል ከሐረር እስከ ጅጅጋ፣ ከዚያም እስከ ዘይላ መንገድ ድረስ የፈረሱ የድንጋይ ከተሞችና ጥንታውያን መቃብሮች አሉ። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን በ1854 ከዘይላ ወደ ሐረር ሲጓዝ አንዳንዶቹን አይቶ ጽፏል፤ ከርል የተባለ ሌላ እንግሊዛዊም በ1937 በድንበሩ አካባቢ ስላሉት የፈረሱ ከተሞች አሳትሟል። አውበሬ የምትባለው ከተማችንም ስሟን ያገኘችው በዚያ ከተቀበሩት ሼክ ነው። በጨርጨር ተራራዎች ደግሞ ፈረንሳዊው ካህን አባ አዛኢስ፣ በኋላም ሮዤ ጁሶም የድንጋይ ክምር መቃብሮችን መርምረዋል፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ ከ8ኛው እስከ 12ኛው ምእት ዓመት የተሠሩ ናቸው። የአገሩ ሰው ይህን ሁሉ ሐርላ የሚባሉ የጥንት ሰዎች ሥራ ነው ይላል፤ ድንጋዩን አይቶም እነዚያ ሰዎች ግዙፋን ነበሩ ብሎ ያወራል።

በድሬዳዋ አጠገብ በምትገኘው በሐርላ መንደር ቲሞቲ ኢንሶል ከ2015 ጀምሮ ከኢትዮጵያውያን ጋራ ቆፍሯል። የ12ኛው ምእት ዓመት መስጊድ፣ የጌጥ ሠሪዎች ቤት፣ ከሩቅ አገር የመጣ ዶቃና ብርጭቆ፣ የቻይና ሸክላና የግብፅ ገንዘብ ተገኝቷል። በመቃብሩም 300 ያህል ሰዎች እንደ ተቀበሩ በ2017 ተነግሯል። ከዚያ የተመረመሩት ዐፅሞች ታዲያ መካከለኛ ቁመት ያላቸው ሰዎች ዐፅም ሆኑ እንጂ ግዙፋን አልተገኙም። ይህ የአገሩን ሽማግሌ ማሳፈሪያ አይደለም። እንዲያውም ነገሩን ከፍ ያደርገዋል፤ ያን ትልቅ ድንጋይ ያነሡት እንደ እኛ ያሉ፣ የሚራቡና የሚደክሙ ሰዎች ከሆኑ፣ ምስጋናቸው ከግዙፋን ምስጋና ይበልጣል።

የአቀባበሩም ሥርዐት ልብ ሊባል ይገባዋል። የእስልምና ተከታዮች ሙታናቸውን በቀኝ ጎናቸው አስተኝተው ፊታቸውን ወደ መካ ይመልሳሉ፤ እኛ ገንዘንና ፈትተን፣ በሰሌን ጠቅልለን ወይም በሣጥን አድርገን፣ ራሳቸውን ወደ ምዕራብ አድርገን ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ እንመልሳለን። ሁለታችንም ወርቅና ዕቃ አንቀብርም። ስለዚህ ከብዙ ዘመን በኋላ የሚመጣ ሰው ይህን አገር ቢቆፍር ማን ማን እንደ ነበረ በተኙበት አቅጣጫ ይለያል፤ ጥርሳቸውን ሲመለከት ግን የአንድ ዘመን ረኃብ በሁሉም ላይ በአንድ ሰረዝ ተጽፎ ያገኘዋል።

ከካህናት ወገን «የሞተን ሰው ዐፅም መነካካት እንዴት ይገባል?» የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ፤ ጥያቄውም የሚናቅ አይደለም። እኔ ግን ዮሴፍ ዐፅሙን ከግብፅ እንዲያወጡ ወገኖቹን እንዳማላቸው፣ ሙሴም ይህን እንደ ፈጸመ፤ የነቢዩ ኤልሳዕ ዐፅም የሞተውን ሰው እንዳስነሣ አስባለሁ። ዐፅምን በክብር ማንሣትና በክብር ማኖር በአበው ዘንድ ነውር አልነበረም። ነውሩ መናቁ ነው። መርማሪ በትሕትና ቆፍሮ፣ ጽፎ፣ አጥንቱን በሥርዐት ቢያኖር ወይም ወደ መቃብሩ ቢመልስ ሟቹን አልበደለም። የሚበድለው ለመሠረት ድንጋይ ብሎ የጥንቱን መቃብር የሚያፈርስ፣ ወርቅ አገኛለሁ ብሎ በሌሊት የሚቆፍር፣ አዲስ መቃብር ለመቆፈር የአሮጌውን ዐፅም ከቆሻሻ ጋራ የሚጥል ነው።

ከተማችን በየዓመቱ እየሰፋች ናት፤ ቤት ይሠራል፣ መንገድ ይቀየሳል፣ የመቃብር ስፍራም ይጠባል። ስለዚህ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ በየደብሩ የተቀበሩት ሰዎች ስም፣ ዕድሜና ቀን በመዝገብ ይጻፍ፤ ዛሬ ያልጻፍነውን ስም ነገ ዐፅም ሊነግር አይችልምና። ሁለተኛ፣ በቍፋሮ የተገኘ ዐፅም ሁሉ፣ የማንም ወገን ይሁን፣ ተሰብስቦ በአንድ ስፍራ በክብር ይቀበር። ሦስተኛ፣ ጥንታዊ የሚመስል መቃብር ወይም ዕቃ ያገኘ ሰው ቁፋሮውን አቁሞ ለቅርስ ባለሥልጣን ያስታውቅ፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1992 የወጣው አዋጅ ቍጥር 209 ይህን ደንግጓል፤ ሕሊናም ይህንኑ ያዛል።

ያ ሽማግሌ በነጠላቸው የለቀሙት ዐፅም በዚያው ቀን ከአዲሱ ሟች እግር በታች በተቈፈረ ትንሽ ጕድጓድ ዐረፈ። ካህኑም የአንዱን ፍትሐት ከፈጸሙ በኋላ ስሙን ስለማናውቀውም ሰው ጸሎት አደረሱ። በቀብሩ የነበረው ሕዝብ ጸሎቱ እስኪያልቅ ከስፍራው አልተንቀሳቀሰም፤ ያ ሊጥለው የነበረው ጐልማሳም አፈሩን የመለሰው በእጁ ነበር።